እንግዳን ነፃነቱን ጠብቆ ስለ መቀበል፦ በሰሜን ሸዋ ላሉ አነስተኛ የካቶሊክ ማኅበረሰቦች

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከኢትዮጵያ ሕዝብ 0.7 ከመቶ ብቻ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ከነዋሪው ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በሆነበት በሰሜን ሸዋ ደግሞ ድርሻቸው ከዚህም ያነሰ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ እሑድ ጠዋት ለጸሎት የሚሰበሰቡት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከየአቅጣጫው የተገናኙ ናቸው፤ ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች ነርስ፣ ከሶዶ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከእምድብር የመጣ ነጋዴ፣ ከኢሮብ የመጣ መምህር፣ በጋብቻ ምክንያት የገባ የአገሬው ተወላጅ፣ ከእነርሱም ጋር የሚፈልገውን ገና ራሱም ያልለየ ወጣት። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሰዎች የሚያስተናግዱ የቁምስና (የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ምክር ቤት አባላት፣ ካቴኪስቶች ማለትም የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችና ቤተሰቦች በተግባር ሊከተሉት የሚችሉትን መንገድ ያመለክታል። መነሻው አንድ ሐሳብ ነው፤ የመጣውን ሰው ነፃነት ያልጠበቀ አቀባበል፣ የቱንም ያህል ፍቅር ቢታይበት፣ ውሎ አድሮ ሰውን ያርቃል፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ ማኅበረሰቡን ራሱን ያስጠረጥራል።

ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ

ተቀባዩ ወገን አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ነገር ጎረቤቱ በጥርጣሬ የሚያየው በክፋት አለመሆኑን ነው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ካህናቱ ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ፣ ምእመናኑም ዳግመኛ እንዲጠመቁ ማዘዛቸው ብዙ ደም ያፈሰሰ ዐመፅ አስነሣ፤ ንጉሡም በ1632 ለሕዝቡ የቀድሞ እምነቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ደግሞ እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼ ላይ የሆነው ነው። ባገራችን አጠራር አቡነ ማስያስ የሚባሉት የካፑቺን ማኅበር ጳጳስ ጉሊዬልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1868 ሸዋ ደርሰው በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ተከብረው ለዐሥር ዓመት ያህል ሠሩ፤ በ1878 ግን ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ ልቼ ላይ ሲታረቁ ከስምምነቱ አንዱ የሚሲዮናውያን መውጣት ስለነበር በዓመቱ ከአገር ተሰናበቱ። በዚያው በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ በተደረገው ጉባኤ ማግሥት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ መገደዳቸውም አይዘነጋም። አንዱ ገዥ ያስገባውን ሌላው ሲያስወጣ፣ በሁሉም ጊዜ ያልተጠየቀው ምእመኑ ነበር።

ስለዚህ "እናንተ ምን ፈልጋችሁ ነው?" የተባለ ካቶሊክ ከመቀየም ይልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ የምታስተምረውን በአጭሩ ማስረዳት መቻል አለበት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ ማንም ሰው በእምነቱ ጉዳይ እንዳይገደድ፣ በተለይም ድሃውንና ያልተማረውን በማይገባ መንገድ ማግባባት እንደማይፈቀድ ደንግጓል። በግዕዝ ቅዳሴ የሚያስቀድሱት የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የሚተዳደሩበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በቁጥር 586 ማንንም ሰው አስገድዶ ወይም በማይገባ ዘዴ አባብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ማስገባትን በጥብቅ ይከለክላል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሚለውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ካቴኪስቱ እነዚህን ሦስቱን በቃሉ ቢይዛቸው መልካም ነው፤ ለክርክር ሳይሆን በመጀመሪያ ራሱን እንዲገዛባቸው።

በር ላይ

አዲስ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉንም ነገር ይወስናል። ነጠላዋን ተከናንባ ደጃፉ ላይ የቆመችን ሴት "ካቶሊክ ነሽ? ቆራቢ ነሽ?" ብሎ መጀመር እንግዳዋን መርማሪ ፊት እንደማቅረብ ነው። ይልቁን "እንኳን ደህና መጣሽ፤ ማን ልበል?" ተብሎ ስሟ ይጠየቅ፤ ቀጥሎም "ለከተማው አዲስ ነሽ? ቤት አገኘሽ?" ቢባል የሚበቃ ነው። ደብረ ብርሃን ብርዱ የታወቀ ስለሆነ ስለ ብርዱ የሚነሣ ጨዋታ ሁልጊዜ ይሠራል። ስለ እምነቷ ልትናገር ከፈለገች ራሷ ታነሣዋለች፤ ካልፈለገችም ለሦስትና ለአራት እሑድ እንኳ ዝም ብላ መጥታ ብትሄድ ማንም አይከተላት። ለዚህ ሥራ አንድ ሰው ብቻ መመደብ ይሻላል፤ ሁሉም ተሯሩጦ የከበበው እንግዳ በሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም።

ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚታለፈው የራሳችን ካቶሊኮች እንግድነት ነው። ከደቡብ የሚመጡት አብዛኞቹ በላቲን ማለትም በምዕራቡ የሮም ሥርዓት ያደጉ በመሆናቸው በግዕዝ ሥርዓት ቅዳሴ መካከል ሲቆሙ ካህኑ "ሰላም ለኵልክሙ" ሲል ምን ብለው እንደሚመልሱ እንኳ አያውቁትም። ማስታወቂያ መለጠፍ ለዚህ አይረዳም። የሚረዳው አንድ የሚያውቅ ምእመን ከጎን ቆሞ መጽሐፈ ቅዳሴውን በትክክለኛው ገጽ ገልጦ መያዝ፣ "ምስለ መንፈስከ" የሚለውን ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ማሰማትና ገጹ ሲያልቅ ማገላበጥ ነው። ከሁለት እሑድ በኋላ እንግዳው መጽሐፉን ራሱ ይይዘዋል። ለእነዚህ ሰዎች በግልጽ መነገር ያለበት አንድ ሕጋዊ ነገርም አለ፦ አንድ የላቲን ሥርዓት ካቶሊክ በግዕዝ ሥርዓት ለዓመታት ቢያስቀድስና ቢቆርብም የሥርዓቱ አባልነት በዚህ ምክንያት አይለወጥም፤ ወላጆቹ ሁለቱም የላቲን ሥርዓት የሆኑ ሕፃንም በግዕዝ ሥርዓት ካህን ቢጠመቅ የላቲን ሥርዓት ልጅ ነው። ይህን ያወቀ ሰው "ሥርዓቴን ሊያስጥሉኝ ነው" የሚለው ስጋት ይቀርለታል። በበዓል ቀንም የወላይትኛ ወይም የሐድይኛ መዝሙር አንድ ጊዜ እንዲዘመር መፍቀድ ብዙ ስብከት የማይሠራውን ይሠራል።

ረዥም ሰዓት መቆም ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ወንበር ከፊት በኩል አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ጠይቀው የሚያገኙት ከሆነ አይጠይቁም።

እርዳታን ከጸሎት መለየት

በቅርብ ዓመታት ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ በርካታ ወገኖች በደብረ ብርሃን በመጠለያ ይኖራሉ፤ አቅሙ ያለው ማኅበረሰብ ሁሉ ዱቄት፣ ዘይትና ብርድ ልብስ ማካፈሉ ግዴታው ነው። ይሁን እንጂ "በስንዴ ሃይማኖት አስለወጡ" የሚለው ክስ በአገራችን የቆየ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በከንቱ የተነገረ አይደለም። ክሱን የሚያስቀረው ደግሞ አሠራር ነው። እርዳታው በጸሎት ቀንና በጸሎት ቤት ግቢ አይታደል፤ የሚያድለው ሰውና የሚያስተምረው ካቴኪስት የተለያዩ ይሁኑ፤ የተረጂዎች ዝርዝር ከቀበሌው ወይም ከመጠለያው ኮሚቴ ጋር ይዘጋጅ እንጂ በማኅበረሰቡ ውስጥ ብቻ አይሠራ፤ በመዝገቡም ላይ የሃይማኖት ዓምድ አይኑር። የተረጂን ፊት እያነሡ ፎቶ መለጠፍም ይቅር። አንድ ተረጂ ራሱ ተነሥቶ "ከእናንተ ጋር ልጸልይ" ቢል በደስታ ይምጣ፤ የሚደርሰው ዱቄት ግን በመምጣቱ አይጨመር፣ በመቅረቱም አይቀነስ። ይህንን ለአዳዩም ለተቀባዩም አስቀድሞ በቃል መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የተቸገረ ሰው ማንም ሳይጠይቀው ውለታ ለመክፈል ሲል ጸሎት ቤት ሊመጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው መምጣትም ከግዴታ ብዙም አይርቅም።

ካቶሊክ ልሁን የሚል ሲመጣ

እዚህ ላይ ፍጥነት የሚያሳፍር ነገር ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የተጠመቀ ሰው ጥምቀቱ እውነተኛ ስለሆነ ዳግመኛ አይጠመቅም፤ በሕገ ቀኖናው ከቁጥር 896 ጀምሮ እንደተደነገገው ከሚያስፈልገው በላይ ሸክም ሳይጫንበት የካቶሊክን እምነት በመመስከር ብቻ ይቀበሉታል። ዕድሜው 14 ዓመት ያልሞላ ልጅ ወላጆቹ ከተቃወሙ ሊቀበሉት አይፈቀድም። የሜንዴዝ ዘመን ስሕተት እንዳይደገም እነዚህን ሁለት ነጥቦች ካቴኪስቱም ቤተሰቡም ማወቅ አለባቸው።

ካቴኪስቱ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ግን ከሕጉ ያለፈ ነው፦ "ይህን ብታደርግ እቤት ማን ያዝናል?" የአንድ ወጣት እናት እንደምታለቅስ ከታወቀ፣ ወጣቱ ከእናቱ ጋር በግልጽ ተነጋግሮ እስኪመለስ ጊዜ መስጠት ይገባል። ብዙዎች የሚመጡት ከንስሐ አባታቸው ጋር ተጣልተው፣ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀይመው ነው፤ ለእንደነዚህ ያሉት የመጀመሪያው ምክር ሄደው እንዲታረቁ መርዳት ነው። ከታረቁ በኋላም ፍላጎታቸው ካልተለወጠ ያን ጊዜ ትምህርቱ ይጀመር። ይህን ምክር የሚሰሙ አንዳንድ ቀናተኛ ወንድሞች "ታዲያ መቼ ልንበዛ ነው?" ይላሉ። መብዛት የዚህ ሥራ መለኪያ አይደለም፤ በቅሬታ የመጣ ሰው በቅሬታ ይሄዳል።

ጋብቻ

በሰሜን ሸዋ የሚኖር ካቶሊክ ወጣት የትዳር ጓደኛውን የሚያገኘው በአብዛኛው ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ በመሆኑ የሁሉም ነገር ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የወጣቱ ወይም የወጣቷ እምነት ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይነገር። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ጥሎሹ ተወርቶ፣ ቀን ከተቆረጠ በኋላ የሚወጣ ነገር እንደ ማታለል ይቆጠራል፤ ያን ጊዜ የሚያዝነው ቤተሰብም ትክክል ነው።

ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው። ካቶሊክ የሆነው ወገን ከጋብቻው በፊት ከሥልጣነ ክህነቱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በእምነቱ ለመጽናትና ልጆቹ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የሚቻለውን ሁሉ ለማድረግ ቃል ይገባል። ኦርቶዶክስ የሆነው ወገን ግን ይህ ቃል መገባቱ በወቅቱ ይነገረዋል እንጂ እርሱ ምንም ቃል እንዲገባ አይጠየቅም። ይህ ልዩነት ለኦርቶዶክሱ ቤተሰብ በግልጽ ሊነገር ይገባል፤ ብዙ ጠብ የሚነሣው "ልጃችንን አስፈረሙብን" ከሚል አለመግባባት ነውና። ደግሞም "የሚቻለውን ሁሉ" ማለት ትዳርን እስከ ማፍረስ ማለት አይደለም፤ ወላጆቹ ተስማምተው የሚወስኑበት ቦታ አለ። ሥርዓቱን በተመለከተ ሕገ ቀኖናው በቁጥር 834 የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊክ ከኦርቶዶክስ ምእመን ጋር ሲጋባ የካቶሊኩ ሥርዓተ ጋብቻ የሚፈለገው ለአፈጻጸሙ አግባብነት መሆኑን፣ ለጋብቻው መጽናት ግን የካህን ቡራኬ እንደሚበቃ ይገልጻል። በኦርቶዶክስ ካህን ቡራኬ የተፈጸመ ጋብቻ ስለዚህ የጸና ጋብቻ ነው፤ እንዲህ የተጋባን ሰው "ያላገባ" ብሎ መጥራት ስድብ ከመሆኑም በላይ ስሕተት ነው። በአብዛኛው ግን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ወገኖች የራሷ ምእመናን እንዲሆኑ ስለምትጠይቅ ጉዳዩ ለሁለቱም ካህናት ቀድሞ ቀርቦ መነጋገር ያስፈልጋል። ካቶሊኩ ሙሽራ ለተክሊሉ ሲል እምነቱን እንዲደብቅ ወይም እንደ ለወጠ እንዲናገር ማንም አይምከረው፤ በውሸት የተጀመረ ቤት ሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት ያስከፋል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ የሚወሰነው በማድ ቤት ነው። ባልየው ረቡዕና ዓርብ ጥሉላት ይቀቀልልኝ ቢል ሚስቲቱ በጾሟ ላይ ሽታውን ትቀበላለች ማለት ነው፤ በሁዳዴ ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ። ካቶሊኩ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ቢጾም የራሱን እምነት አይጥልም፤ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮችም የፋሲካን በዓል የሚያከብሩት ከኦርቶዶክስ ወገኖቻቸው ጋር በአንድ ቀን በመሆኑ ፍስኩም ጾሙም አብሮ ይገጥማል። የክርስትና አባትና እናት ሲመረጡ ሕገ ቀኖናው ከካቶሊኩ ጋር አብሮ ኦርቶዶክስ ሰው እንዲቆም ስለሚፈቅድ የሚስትን ወንድም ማክበሪያ መንገድ እዚሁ ላይ ይገኛል። በቅዱስ ቁርባን ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የካቶሊክ ሕግ በራሱ ፈቃድ የጠየቀና የተዘጋጀ ኦርቶዶክስ ምእመን እንዲቆርብ ቢፈቅድም፣ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ይህን ስለማይፈቅድለት እኛ ቀድመን "ና ቁረብ" ልንለው አይገባም።

ማዳመጥ

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመሩትና የመጨረሻ ሰነዱ ጥቅምት 26 ቀን 2024 የጸደቀው ሲኖዶስ፣ በየቁምስናው ሊሠራበት የሚችል አንድ የስብሰባ ዘዴ ትቶልናል። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ሰው ሳይቋረጥ ለሦስት ደቂቃ ያህል ይናገራል፤ ከጥቂት ዝምታ በኋላ በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ከሌሎች ከሰማው ልቡን የነካውን ይናገራል፤ እንደገና ዝም ተብሎ በሦስተኛው ዙር የተስማሙበትና የተለያዩበት ነጥብ ይለያል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ክርክርና መልስ የለም። "እዚህ እንግድነት የተሰማህ መቼ ነው?" የሚለው ጥያቄ ለመጀመሪያ ስብሰባ ይበቃል።

ዘዴው በእኛ አካባቢ እንዲሠራ ሁለት ማስተካከያ ያስፈልገዋል። በባህላችን ቃል የሚከፍተው ታላቅ ነው፤ ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ልጁ የሚለው "እሳቸው እንዳሉት" ብቻ ነው። በዚህ ስብሰባ ግን ከታናሽ ይጀመር፤ አረጋውያኑም ይህ ከንቀት እንዳልሆነ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ መራቂው ግን እነርሱ ይሁኑ። ሁለተኛው የቡናው ጉዳይ ነው። ሴቶቹ ረከቦቱ ዙሪያ ሲኒ ሲያጥቡ፣ ፍም ሲያራግቡ፣ ቁርስ ሲያዞሩ ሁለት ዙር ያልፋል፤ የመናገር ተራቸው ሲደርስ አንዷ ጀበና ልታወርድ ትነሣለች፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ግን "ሴቶችም ተሳትፈዋል" ተብሎ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በሮም የሲኖዶሱ ጉባኤ ላይ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል፤ እኛ ዘንድ ግን ተራቸው እንኳ በቡና ይወሰዳል። ቡናው ከስብሰባው በኋላ ይፈላ፤ ወይም ወጣት ወንዶቹ ያፍሉት።

በዚህ ስብሰባ ከሚሰማው ነገር ውስጥ ትዳሩ የፈረሰበት፣ ከፍቺ በኋላ ሌላ ያገባ፣ ለዓመታት ሳይቆርብ በኋለኛው ወንበር የሚቀመጥ ሰው ታሪክ ይኖርበታል። የእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ጉዳይ የሚታየው በካህኑ ዘንድ በምሥጢር ነው፤ ማኅበረሰቡ ሊያውቀው የሚገባው ከቤተ ክርስቲያን የተወገዘ አለመሆኑን ብቻ ነው። እርሱም ሊዘምር፣ እርዳታ ሊያስተባብር፣ ልጆቹን ለትምህርተ ክርስቶስ ሊያመጣ ይችላል።

ዕድርና መቃብር

ካቶሊኩ በሰፈሩ ዕድር ሙሉ አባል ይሁን፤ መዋጮውን በወቅቱ ይክፈል፤ ድንኳን ይትከል፤ በኦርቶዶክሱም በሙስሊሙም ልቅሶ ላይ ይገኝ። የራሳችን ዕድር ይበቃናል ማለት ራስን ከከተማው መነጠል ነው። አስቸጋሪው ግን የቀብር ቦታ ነው። የዕድሩ ልማድ አስከሬኑን ወደ ሰፈሩ ደብር መውሰድ ሲሆን፣ ካቶሊክ ሲሞት ግን ደብሩ ላይቀበል ይችላል፤ አስከሬን በድንኳን ተቀምጦ ይህን መከራከር ለሟች ቤተሰብ ሁለተኛ ሐዘን ነው። ስለዚህ የቁምስናው ምክር ቤት ሰው ሳይሞት የቀብሩን ቦታ ከከተማው አስተዳደርና ከካህኑ ጋር ይወስን፤ ውሳኔውን ለዕድሩ ዳኛ በጽሑፍ ይስጥ፤ ካህኑ ከሩቅ እስኪደርስ ጸሎቱን የሚመራው ሰው ማን እንደሆነም አብሮ ይጻፍ። በቅይጥ ጋብቻ የሚኖሩ ባልና ሚስት የት መቀበር እንደሚፈልጉ በሕይወት ሳሉ ለልጆቻቸው ይንገሩ። ሚስቲቱ ኦርቶዶክስ ከሆነች የራሷ ካህናት ይፍቱአት፤ ካቶሊኮቹም ለቀስተኛ ሆነው ይቁሙ።

የሚሄድ ሰው

አንዳንዱ ሰው ተቀብሎ፣ ተምሮ፣ ቆርቦ ይሄዳል፤ ወደ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑ ይመለሳል፣ ወደ ሌላ ይገባል፣ ወይም ሁሉንም ይተዋል። የጥምቀት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከጠየቀ ያለ ምርመራና ያለ ማመላለስ ይሰጠው። ምክንያቱን ሊናገር ከፈለገ አንድ ሰው፣ ቢቻል የመጀመሪያ ቀን በር ላይ የተቀበለው ሰው፣ ያዳምጠው፤ የተናገረውም ስሙ ሳይጠቀስ ለምክር ቤቱ ይቅረብ። ስለ መሄዱ በመድረክ አይሰበክ፤ እቤቱም ለመለመን በቡድን አይኬድ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው እንደ ቀድሞው ይሁን፤ በወር መጨረሻም በአንድ ዕድር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።